ዲስፋጂያ፦ የመዋጥ እክል

ማዕድ ላይ አንዱ ከሌሎቹ እየዘገየ ይሄዳል። ጉርሻውን ያሳንሳል፤ ከእያንዳንዱ ጉርሻ በኋላ ውሃ ይጎነጫል። ጥብሱን ወደ ሌላው ገፋ አድርጎ መረቅ ከነካው በኩል ይቆርሳል። «ኧረ ብላ እንጂ» ሲሉት «ጠግቤያለሁ» ይላል። ሳምንታት ሲያልፉ እንጀራው በወጥ ካልራሰ አይወርድለትም፤ ሱሪው ወገቡ ላይ ይሰፋል። ቤተሰቡ ሐሳብ ያከሳው ይመስለዋል። ሐኪሞች ይህን ምልክት ዲስፋጂያ ይሉታል።

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን መቸገርንና መብላትን የሚያመለክቱ ሁለት ክፍሎች አሉት። በአማርኛ «የመዋጥ እክል» ቢባል ይስማማዋል። «የጉሮሮ ሕመም» ማለቱ ግን አይበጅም፤ ሰሚውን ወደ ቶንሲል ይወስደዋል፤ ዲስፋጂያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ሕመም የለውም። የተዋጠው ምግብ መንገድ ላይ ሲዘገይ ወይም ሲቆም ነው ስሙ የሚሰጠው። ሲውጡ የሚያም ከሆነ ኦዲኖፋጂያ፣ ማለትም የመዋጥ ሕመም ይባላል።

ታካሚው እንዲህ ያሉ ስሞችን አያውቅም። «አልወርድ አለኝ፤ እዚህ ጋ ይቆማል» ይልና ጣቱን ደረቱ ላይ ያሳርፋል። ይህች አንዲት አነጋገር ለሐኪሙ ብዙ ትነግረዋለች። ምግቡን ከአፍ ወደ ጉሮሮ ማሻገር የከበደው፣ ሊውጥ ሲል ትን የሚለው ሰው ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከነርቭ ነው፤ ከስትሮክ በኋላ የሚታየው ዓይነት። ከዋጠ በኋላ ደረቱ ላይ የሚቆምበት ግን ችግሩ የምግብ ቧንቧው ላይ ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው መጀመሪያ እምቢ ያለው ምግብ ነው። ከመነሻው ውሃውም እንጀራውም እኩል ካስቸገሩ አካላዚያ የሚባለው የቧንቧው ጡንቻ ሕመም ይጠረጠራል። በጠጣር ጀምሮ ወደ ለስላሳ፣ ከዚያም ወደ ፈሳሽ ከወረደ መንገዱ እየጠበበ ነው። የቆየ የጨጓራ አሲድ ጠባሳም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ በሳምንታትና በወራት እየባሰ ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ ግን አስቀድሞ መጣራት ያለበት የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው።

ሐኪሞች የእክሉን ክብደት ከ0 እስከ 4 በቁጥር ይመዘግቡታል። በእኛ ገበታ ብናየው፣ 0 ሁሉን የሚበላ ነው። 1 ላይ ሥጋና ደረቅ ዳቦ መያዝ ይጀምራሉ። 2 ላይ የሚወርደው ገንፎና የላመ ፍትፍት ነው፤ 3 ላይ አጥሚት፣ ወተትና ሾርባ ብቻ። 4 የደረሰ ሰው ውሃም አይወርድለትም፤ ምራቁን ሳይቀር ይተፋል። በአገራችን ብዙው ታካሚ ሆስፒታል የሚደርሰው ገንፎው ራሱ እምቢ ካለው በኋላ መሆኑ እጅግ ያሳዝነኛል።

ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት የአካሉ ተፈጥሮ ነው። የምግብ ቧንቧ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ከአየር ቧንቧና ከልብ ጀርባ የሚወርድ የሚለጠጥ ጡንቻ ነው። ጠጣር ምግብ በደንብ መያዝ የሚጀምረው ስፋቱ ወደ 13 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ነው፤ እስከዚያ ዕጢው ሳይታወቅ ያድጋል። አንጀት ያለው ዓይነት ውጫዊ ስስ ልባስ ስለሌለውም ካንሰሩ ወደ ጎረቤት አካላትና ወደ ንፍፊቶች ቶሎ ይዘልቃል። ሌላው ምክንያት በእጃችን ያለ ነው። «ጨጓራ ነው» ተብሎ ኦሜፕራዞል ለወራት ይዋጣል፤ ወይም «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ወደ እንጥል ቆራጭ ይኬዳል። ምግብ አልወርድ ያለው ሰው ኪኒን እየዋጠ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም፤ ኢንዶስኮፒ ያስፈልገዋል።

ኢንዶስኮፒ ጫፉ ላይ ካሜራና መብራት ባለው ተጣጣፊ ቱቦ የሚደረግ ምርመራ ነው። ቱቦው በአፍ ገብቶ የምግብ ቧንቧውን ውስጥ ያሳያል፤ ከተጠረጠረው ቦታም ናሙና ቆንጥሮ ያወጣል። ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ገና ላይ ላዩን ያለውን ለውጥ ለመለየት ሉጎል የሚባል የአዮዲን ፈሳሽ ይረጫል፤ ጤነኛው የውስጥ ሽፋን ወደ ቡናማ ሲለወጥ የተበላሸው ሳይቀለም ይቀራል። ከዚያ ሲቲ ስካን የሥርጭቱን መጠን ያሳያል።

ካንሰሩ ሁለት ዋና ዓይነት አለው። በአሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ የሚያይለው አዴኖካርሲኖማ ከውፍረትና ለዓመታት ከሚመላለስ የጨጓራ አሲድ ጋር ይያያዛል። በዓለም ላይ አብዛኛውን የሚይዘው ግን ስኩዌመስ የተባለው ሲሆን ትምባሆ፣ አልኮልና በጣም ትኩስ መጠጥ ይጠቀሱበታል። ከኢትዮጵያ ተነስቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቀው የምሥራቁ አህጉር ክፍል ይህ ዓይነቱ የሚበዛበት ነው፤ በእኛም አገር የአርሲና የባሌ ስም ደጋግሞ ይነሳል። ለምን እዚያ እንደበዛ አንድ ነጠላ መልስ የለም፤ በትኩሱ የሚበላ ገንፎ ከሚጠረጠሩት አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነን መጠጥ «ካንሰር ሊያስከትል የሚችል ይመስላል» ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል። ጥፋቱ የሙቀቱ እንጂ የቡናው ወይም የሻዩ አይደለም። ከጀበና የተቀዳ ቡና ጥቂት ደቂቃ ቢጠብቅ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ሕክምናው በደረጃው ይወሰናል። ላይ ላዩን ብቻ ያለ ካንሰር በኢንዶስኮፒ ተልጦ ሊወጣ ይችላል። ጠለቅ ብሎ ግን ወደ ሩቅ አካል ያልተሠራጨ ከሆነ ኬሞቴራፒና ጨረር ቀድመው ቀዶ ሕክምና ይከተላል። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ክሮስ የተባለ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለ5 ሳምንታት ኬሞና ጨረር የወሰዱት ታካሚዎች መካከለኛ የመኖሪያ ጊዜ ወደ 49 ወር መድረሱን አሳይቷል፤ በቀዶ ሕክምና ብቻ የታከሙት 24 ወር ነበር። በቀዶ ሕክምናው የታመመው ቧንቧ ይወጣና ጨጓራው እንደ ቱቦ ተስተካክሎ ወደ ላይ ይሳባል፤ ሰውየውም ከዚያ ወዲያ ጥቂት ጥቂቱን ቶሎ ቶሎ ይበላል። ጨረር በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ አሁን እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል።

ለቀዶ ሕክምና ጊዜው ላለፈበት ታካሚ ትልቁ እፎይታ ስቴንት ነው። ከኒኬልና ታይታኒየም ቅይጥ የተሠራ የሽቦ መረብ ቱቦ ታጥፎ ይገባል፤ ጠባቡ ቦታ ላይ ሲለቀቅ ራሱን ችሎ ይከፈታል። ሆድም ደረትም አይከፈትም። በኬንያ ቦሜት የሚገኘው ቴንዌክ ሆስፒታል ያለ ራጅ እገዛ፣ በኢንዶስኮፒ ብቻ በማስገባት ለብዙ ሕመምተኞች አድርሶታል። ስቴንት ካንሰሩን አያድነውም፤ ነገር ግን ውሃ ያልወረደለት ሰው በቀናት ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ ይበላል። ይህን እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ ሰው ተርቦ የማያውቅ ይመስለኛል።

ስቴንት የገባለት ሰው ተቀምጦ መብላት፣ በደንብ ማላመጥ፣ ጅማታም ሥጋን መተውና ከምግብ ጋር ውሃ መጎንጨት አለበት። ከበላ በኋላ ወዲያው ጋደም አይበል፤ ስቴንቱ የጨጓራውን በር አልፎ የተቀመጠ ከሆነ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ምግብ እንደገና መያዝ ከጀመረ ስቴንቱ ቦታውን ስቶ ወይም ዕጢው ጫፉ ላይ አድጎ ሊሆን ስለሚችል፣ የእክሉ ቁጥር 3 ወይም 4 እስኪደርስ ሳይጠብቅ ወዳስገባለት ሐኪም ይመለስ።