ከ«መምቻ» ወደ «መግፊያ»፦ የአንድ የእጅ መሣሪያ ታሪክና ስያሜ

የመሣሪያ ስም ከአሠራሩ ካልመነጨ ተርጓሚውንም አንባቢውንም ያሳስታል። የሽጉጥን ማነጣጠሪያ ለመቀየር የሚያገለግለው የእጅ መሣሪያ ለዚህ አብነት ይሆናል። በቅድሚያ ሁለት ቃላት ይለዩ። «ዒላማ» የሚመታው ነገር ነው፤ «ማነጣጠሪያ» ግን ተኳሹ ዐይኑን ከዒላማው ጋር እንዲያስተካክል በሽጉጡ ላይ የሚተከለው ብረት ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ «ዒላማውን ወደ ቀኝ ግፋ» የሚል ከንቱ ትእዛዝ ይወጣል።

የአሜሪካ ጦር በ1911 እ.ኤ.አ. የተቀበለው የጆን ብራውኒንግ ሽጉጥ የኋላ ማነጣጠሪያው ከታች ሰፍቶ ከላይ በጠበበ አግድም ቦይ ውስጥ ጠብቆ የገባ ነበር። ይህን ዐይነቱን ማያያዣ እንግሊዞች በርግብ ጭራ ሲሰይሙት፣ ፈረንሳዮችና ጀርመኖች ጭራዋ እንደ መንሽ በተሰነጠቀ በሌላ ወፍ ሰይመውታል። እኛ ወፍ መምረጥ አያሻንም፤ «ግርጌ ሰፊ ቦይ» ብንል ቅርጹ ይታያል።

ማነጣጠሪያውን ከዚህ ቦይ ለማውጣት ባለሙያው የሽጉጡን የላይኛውን ተንሸራታች ክፍል በሞርሳ አስሮ፣ የናስ ዘንግ ደግኖ በመዶሻ ይመታ ነበር። ናስ ከብረት የለሰለሰ ቢሆንም ምቱ እኩል አይሆንም፤ ማነጣጠሪያው ከልኩ ያልፋል ወይም ይጫራል። ትሪቲየም በተሞላ ደቃቅ የብርጭቆ ቱቦ በጨለማ የሚያበሩ ማነጣጠሪያዎች ሲመጡማ፣ ምቱ ቱቦውን የሚሰብር ሆነ። ትሪቲየም በ12.3 ዓመት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ብርሃኑ ይደክማል፤ መቀየሩም አይቀርም። ተንሸራታቹን ክፍል ጨብጦ ይዞ፣ ብሎኑ ሲዞር ማነጣጠሪያውን በዝግታ የሚገፋው መሣሪያ ይህን ችግር ያቃልላል። ግሡም አብሮ ተለወጠ፤ «መታ» ቀርቶ «ገፋ» ሆነ።

ስያሜውን «ማነጣጠሪያ ገፊ» ማለት አይስማማም። «ገፊ» አድራጊውን ሰው ያመለክታል፤ ደግሞም ግፍ የሚፈጽመውን ያስታውሳል። «መጥረጊያ» እና «መክፈቻ» በተመሠረቱበት የመሣሪያ ስም ስልት «የማነጣጠሪያ መግፊያ» ቢባል ትርጉሙ ይጠራል።

ይሁንና ስሙ ብቻ አይበቃም። ጥይቱ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ሲፈለግ የኋላው ማነጣጠሪያ ወደ ቀኝ፣ የፊተኛው ግን ወደ ግራ ይገፋል። ስለዚህ «ግፋ» የሚለው ትእዛዝ «የፊት» ወይም «የኋላ» ከሚል ቅጽል ተነጥሎ ከተተረጐመ፣ የሚስተው ተርጓሚው ብቻ ሳይሆን ጥይቱም ነው።