«ባይ አውት»፦ ጠቅልሎ መግዛት

«ባይ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ «ገዛ» ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተቀምጦ የንግድ ውል የሚያነብን ተማሪ ግራ የምታጋባው ከግሡ ኋላ የምትለጠፈው ትንሽ ቃል ናት። «አውት» ስትለጠፍበት፣ አንዱ የሌላውን ድርሻ በሙሉ ገዝቶ ከድርጅቱ አስወጣው ማለት ይሆናል።

ለዚህ «ጠቅልሎ መግዛት» የሚለውን እመርጣለሁ። «ጥቅል ግዥ» የሚሉም አሉ፤ ግን ይህ የጅምላ ግብይትን ያስመስላል። ደግሞ አማርኛው «ገዛ»ን ለገበያም ለሥልጣንም ይጠቀምበታልና፣ ጠቅልሎ የገዛ ጠቅልሎ ይገዛል። ነገሩም ይኸው ነው።

ማስረጃ ከቢራ ገበያችን እንውሰድ። በ2012 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ የመጠጥ ኩባንያ ዲያጆ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካን ከመንግሥት በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ መንግሥት ወጣ። ከአሥር ዓመት በኋላ ዲያጆም በተራው ለቢራ ጠማቂው ቢጂአይ ሸጦ ወጣ። የሕግ ሰው የመጀመሪያውን ሽያጭ «ፕራይቬታይዜሽን» ቢለው አልከራከርም፤ የቀድሞው ባለቤት ገንዘቡን ይዞ፣ ድርሻ ግን ሳይቀረው መሄዱን ልብ በሉ። የጎንደሩ ዳሸን ዕጣ ሌላ ነበር። በዚያው በ2012 እ.ኤ.አ. ዱዌት እና ቫሳሪ የተባሉ የውጭ ባለሀብቶች ሲመጡ ባለቤቱ ጥረት ኮርፖሬት አልወጣም፤ እነሱ ድርሻ ገዝተው አብረውት ገቡ። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ «ባይ ኢንቱ» ይላል፤ እኛ «ድርሻ ገዝቶ መግባት» እንበለው። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን አንዱን በ300 ብር የገዛ ሰውም ያደረገው ይህንኑ ነው።

«ባይ ኢን» የሚለው ስም ግን አሳሳች ነው፤ ብዙ ጊዜ ገንዘብ የለበትም። የፕሮጀክት ሰነድ የማኅበረሰቡ «ባይ ኢን» ያስፈልጋል ሲል፣ ሰዉ ዕቅዱን አምኖ ይቀበለው ማለቱ ነው። «ይሁንታ» ለዚህ ይቀጥናል፤ ይሁንታ በፊርማ ብቻም ይገኛል። «አምኖ መቀበል» ይሻላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐሳባችሁን «አልገዛውም» ካለም በእኛ አባባል «አይዋጥልኝም» ማለቱ ነው።

የቀሩት ቀላል ናቸው። «ባይ ባክ» መልሶ መግዛት ነው፤ ኩባንያ የገዛ ራሱን አክሲዮን ከባለድርሻዎች ሲሰበስብ ይባላል። «ባይ አፕ» ጠራርጎ መግዛት፤ በመኸር ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ የመጣውን ጤፍ ሁሉ የሚያፍስ ነጋዴ ሥራው ይህ ነው። «ባይ ኦፍ» በገንዘብ አፍ ማስያዝ ነው፤ ውል ውስጥ ካገኛችሁት ጉቦ ብላችሁ ጻፉት፣ አታለስልሱት። «ጊዜ መግዛት» በዜና ለምዷል፤ ለእኔ «ፋታ ማግኘት» ይበልጥብኛል።

ውል የምትተረጉሙ ሁሉ፣ «ባይ»ን ባያችሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፦ ከግዥው በኋላ ሻጩ በድርጅቱ ድርሻ ቀርቶታል ወይስ አልቀረውም? መልሱን ሳታውቁ «ገዛ» ብላችሁ አትለፉ።