ኤምስ፦ ሁለት ጊዜ የወደቀው መደብር

የዘንድሮው መጽሔታችን አዘጋጆች “ከሕክምና ውጪ የሆነ፣ ግን ቁም ነገር ያለው ጽሑፍ ስጪን” ሲሉኝ ብዙም አላሰብኩም። የምሠራው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። እዚህ ታካሚዎቼ ቤታቸው የት እንደሆነ ስጠይቃቸው “ከድሮው ኤምስ ጀርባ” ይሉኛል። መደብሩ ግን ከተዘጋ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛም ጋ ሰባራ ባቡር የሚባል ሰፈር አለን አይደል? ነገሩ ሄዶ ስሙ የሚቀረው ሰው በደንብ ስላወቀው ነው። እኔም ስለዚህ መደብር ማንበብና አንጋፋዎቹን መጠየቅ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በ1958 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሳውዝብሪጅ በምትባል ከተማ ነው። የዓይን ሐኪሞቻችን ስሟን ሳይሰሙ አይቀሩም፤ ትልቁ የአሜሪካን ኦፕቲካል የመነጽር ፋብሪካ የነበረው እዚያ ነው። በዚያ ዘመን የአካባቢው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ወደ ደቡብ እየሄዱ፣ ትልልቅ ሕንፃዎቻቸው ባዶ እየቀሩ ነበር። የጊልማን ወንድማማቾች ከነዚህ አንዱን፣ ኤምስ ይባል የነበረውን የሱፍ ፋብሪካ ሕንፃ ይዘው ቅናሽ መደብር ከፈቱበት። ስምም አላወጡለትም፤ የፋብሪካውን ስም እንዳለ ወሰዱት።

የቅናሽ መደብር አሠራር ቀላል ነው። ኪራዩ ርካሽ፣ ቤቱ ጌጥ የሌለው፣ ሻጩ ጥቂት ነው። ደንበኛው ራሱ መርጦ በጋሪ እየገፋ መውጫው ላይ ይከፍላል። አንዱን ሸሚዝ በብዙ ትርፍ ለመሸጥ ወር ሙሉ ከመጠበቅ፣ አሥሩን በትንሽ ትርፍ በሳምንት መጨረስ ይሻላል የሚል ስሌት ነው። ኤምስ በዚህ ላይ አንድ ብልሃት ጨመረ፤ ትልልቆቹ መደብሮች “ገበያ የላቸውም” ብለው የናቋቸውን ትንንሽ ከተሞች መረጠ። ሳም ዋልተን በአርካንሶ የመጀመሪያውን ዎልማርት የከፈተው በ1962 ነው። ኬማርትና ታርጌትም የተከፈቱት በዚያው ዓመት ነው። እንግዲህ ኤምስ የሁሉም የአራት ዓመት ታላቅ ነበር ማለት ነው።

በሰሜን ምሥራቁ እንዲህ ያሉ መደብሮች ብዙ ነበሩ። ዜይር፣ ብራድሊስ፣ ካልዶር፣ ጄምስዌይ፣ ሂልስ ... ሁሉም የየራሳቸው ክልልና ደንበኛ ነበራቸው። በ1980ዎቹ በስደት ወደ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የመጡ አንጋፋ ወገኖቻችንን ብትጠይቁ የመጀመሪያውን የክረምት ካፖርት፣ ብርድ ልብስና ድስት የገዙት ከእንዲህ ዓይነት መደብር እንደሆነ ይነግሯችኋል። ገንዘብ ሲያጥር ዕቃውን አስቀምጠው፣ ከየደመወዙ ጥቂት ጥቂት ከፍለው፣ ሲጨርሱ የሚወስዱበት አሠራርም ነበር። ባንክ ለማያውቀው አዲስ መጤ ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም።

ኤምስ ለ25 ዓመታት ያህል ቀስ ብሎ አደገ። ከዚያ መሮጥ ጀመረ። በ1985 ከፔንሲልቬንያ የተነሳውን አንጋፋውን ጂ.ሲ. መርፊን ገዛ። ያንን ሳያዋህድ በ1988 የዜይርን ወደ 400 የሚጠጉ ቅናሽ መደብሮች በ800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለ። በአንድ ቀን መጠኑ እጥፍ ሆነ ማለት ይቻላል። ግን ዜይር ብዙው መደብሩ በከተማ ነበር፤ የኤምስ ደንበኛ ደግሞ የገጠርና የትንሽ ከተማ ሰው ነው። የዕቃው ምርጫ፣ የሒሳብ አያያዙ፣ የአቅራቢዎቹ አከፋፈል አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ከላዩ ዕዳ ተጭኗል። አባቶቻችን “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

በሚያዝያ 1990 ኤምስ ፍርድ ቤት ሄዶ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከ200 በላይ መደብሮች ወዲያው ተዘጉ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀውን አንድ ነገር ልግለጽ። መደብር በብዛት የሚሠራው በአቅራቢዎች ዱቤ ነው። ዕቃው ዛሬ ይመጣል፣ ክፍያው ከሳምንታት በኋላ ነው። መደብሩ ደከመ የሚል ወሬ ሲነሳ አቅራቢው “በቅድሚያ ክፈለኝ” ይላል። ገንዘብ ስለሌለ ዕቃ አይመጣም፤ መደርደሪያው ይሳሳል፤ ደንበኛው ይቀራል፤ ደንበኛ ሲቀር ገንዘቡ ይብስ ያንሳል። ሾክ የገባ በሽተኛ ያየ ሰው ይህን አዙሪት ለመረዳት ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ኤምስ ግን ያን ጊዜ ዳነ። በ1992 መጨረሻ ከ300 ጥቂት በሚበልጡ መደብሮች ከኪሳራ ወጣ። በ1994 ጆሴፍ ኤቶሬ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ቤቱን አረጋጋ። ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ደንበኞች በየማክሰኞው 10 በመቶ ቅናሽ የሚሰጥ ካርድ ነበረው። አረጋውያን ታካሚዎቼ እስካሁን የሚያነሱት ይሄንን ነው። ማክሰኞ መገበያያ ብቻ አልነበረም፤ ለብጤን ማግኛ፣ ተራምዶ መመለሻም ነበር።

በ1990ዎቹ አቻዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ጄምስዌይ በ1995፣ ካልዶር በ1999 ተዘጉ። ብራድሊስም በ2000 መጨረሻ መዘጋቱን አስታወቀ። ኤምስ አቻዎቹ ሲዳከሙ ሜዳው የኔ ነው አለ መሰለኝ፣ በ1998 መጨረሻ የሂልስን 155 መደብሮች ገዛ። እንደገና በብድር፣ እንደገና በችኮላ። በነሐሴ 2001 ለሁለተኛ ጊዜ ኪሳራ ውስጥ ገባ። በነሐሴ 2002 የቀሩትን 327 መደብሮች በሙሉ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ሥራ አጡ።

ለምን ሞተ ብላችሁ እዚህ አገር ሰው ብትጠይቁ መልሱ “ዎልማርት ገደለው” ነው። የሞት ምስክር ወረቀት መሙላት ስንማር “ልብ ቆመ” ብለን እንዳንጽፍ መምህራኖቻችን እንዴት ይቆጡን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የሁሉም ሰው ልብ ይቆማል፤ ጥያቄው እዚያ ያደረሰው መነሻ ምንድን ነው የሚለው ነው። ዎልማርት ወደ ፔንሲልቬንያ የገባው በ1990 ነው፤ ወደ ኒው ኢንግላንድ ደግሞ በ1991። ኤምስ መጀመሪያ ሲወድቅ ዎልማርት ገና በበራፉ አልቆመም ነበር። በሁለተኛው ጊዜ አዎ፣ ፉክክሩ ከባድ ነበር፤ ኬማርት እንኳ በጥር 2002 ኪሳራ ጠይቋል። ነገር ግን አቅም ያለው ሰውነት የሚቋቋመውን ኢንፌክሽን የደከመው አይቋቋመውም። ያደከመው ሳይዋሃድ የተዋጠው ንብረትና በላዩ የተቆለለው ዕዳ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ማስረጃው የሻጩ ዕጣ ነው። ዜይር በ1988 የደከሙትን መደብሮቹን ለኤምስ ሲሸጥ፣ ቲጄ ማክስ የሚባለውን ወጣት ክፍሉን ለራሱ አስቀረ። ስሙን ቲጄኤክስ ብሎ ለወጠ። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉ ትልልቅ የልብስ ቅናሽ ነጋዴዎች አንዱ ነው። ሁለቱ ድርጅቶች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ተፈራረሙ፤ አንዱ ለማነስ ደፈረ፣ ሌላው ለመተለቅ ቸኮለ።

የቀረውን ጉዳት እኔ በክሊኒኬ አያለሁ። ከ20 ዓመት በላይ በካሸርነት ሠርተው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ሥራና የጤና መድን አብረው ያጡ እናቶች አሉ። ሕክምናቸውን ለዓመታት አቋርጠው ስኳሩ ኩላሊታቸውን ከነካ በኋላ ነው የደረሱኝ። መኪና የማይነዱት ደግሞ ካልሲ ለመግዛት እንኳ የሚያደርሳቸው ሰው ይለምናሉ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አበላሽተው አይደለም። ስለ ግዢው ማንም አላማከራቸውም፤ ዋጋውን ግን እነሱ ከፈሉ።

ይህን ለእናንተ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን ክሊኒክ የከፈቱ፣ ሆስፒታል የሚያስተዳድሩ፣ አዲስ የትምህርት ክፍል ለማቋቋም የሚደክሙ ብዙ ናቸው። ሁለተኛ ቅርንጫፍ፣ ሦስተኛ ሕንፃ፣ የጎረቤትን ተቋም መጠቅለል ሲታሰብ ደስ ይላል፤ ሪባንም ይቆረጣል። ማስፋት ክፉ ነው አላልኩም፤ ኤምስም ቀስ እያለ ሲሰፋ ጤነኛ ነበር። ግን ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ የመጀመሪያው ቤት ያለ ብድር ይቆማል ወይ? የምንጨምረው ታካሚ ወይም ተማሪ እኛ የምናውቀው ዓይነት ነው ወይ? ነገሩ ባይሳካ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ “ያላማከርናቸው ሠራተኞች” ከሆነ፣ ብዕሩን አስቀምጦ መጀመሪያ እነሱን ጠርቶ ማነጋገር ነው።