የሰፈራችን ኪራይና የዜናው ኪራይ

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የዋጋ ንረት አሃዝ ያወጣል። አሃዙ በሬዲዮ ይነበባል፤ እሑድ ደግሞ በማኅበራችን ቡና ላይ ይደገማል። «ቀንሷል ተብሏል እኮ» ትላለች አንዷ። «የእኔ አከራይ ሬዲዮ የለውም መሰለኝ» ትላለች ሌላዋ፤ እንስቃለን።

ሳቁ ግን ብዙ አይቆይም። ዜናውን ሰምታ «ኪራዩ ሊቀንስልኝ ነው» ብላ ከአከራይዋ ጋር የተጨቃጨቀች አባል አለችን። የዋጋ ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ ረከሰ ማለት አይደለም፤ ዋጋው አሁንም ሽቅብ እየወጣ ነው፣ የሚወጣበት ፍጥነት ነው የቀዘቀዘው። ደግሞም ያ አሃዝ የአገር ነው። የደሴውም፣ የሐዋሳውም፣ የጅማውም ተደማምሮ የሚወጣ ነው። በአዋሬ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ስንት እንደገባ አይነግረንም፤ ለዚያም አልተዘጋጀም። በየቤቱ ዞሮ የሚጠይቀው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት የተወለደች ልጅ ዛሬ ራሷ ቤት ፈላጊ ሆናለች።

ስለዚህ አባሎቻችን በሚኖሩበት በካዛንቺስ፣ በኡራኤልና በአዋሬ ኪራይ እንዲህ የተዘበራረቀበትን ምክንያት ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ሆነብን። በአንድ ቅያስ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ቆርቆሮ ሥር፣ አንዷ በወር የሁለት ቡና ዋጋ የማይሞላ ትከፍላለች፤ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ የደመወዟን ግማሽ ታስረክባለች። ይህን ልዩነት ደላላ አልፈጠረውም። ከደላላው በፊት ያለፉት ዓመታት ናቸው የፈጠሩት።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ፈቃድ ፍልውሃ አጠገብ ስትቆረቆር መሬቱ ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ ተደለደለ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ድልድል ትዝታ ናቸው። ተከታዩም፣ ጋሻ ጃግሬውም፣ እንጀራ ጋጋሪዋም በጌታው ግቢ ዙሪያ ተጠግተው ጎጆ ቀለሱ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በከተማው ቦታን በግል መያዝ፣ መሸጥና ማውረስ ሲፈቀድ ያ ጥገኝነት ቀስ በቀስ ኪራይ ሆነ። በብዙ የዓለም ከተሞች ባለጸጋው ለብቻው፣ ድሃው ለብቻው ይሰፍራሉ። የእኛ ከተማ መሃል ግን ከመነሻው ቪላና ጭቃ ቤት አጥር የሚጋሩበት ሆነ። «የሰፈሩ አማካይ ኪራይ» የሚባል ነገር እዚህ ብዙ የማይረዳው ለዚህ ነው።

የካዛንቺስ ስም ራሱ የቤት ስም ነው። ቃሉ የመጣው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ያሠሩበት ከነበረው ተቋም መጠሪያ ነው፤ «ካዛ» ቤት ነው፣ «ኢንቺስ» የተቋሙ አሕጽሮተ ቃል። ፖፖላሬም እንዲሁ የተራው ሕዝብ ቤት ከሚለው ጣሊያንኛ የቀረ ነው። ቤቶቹ ለእናቶቻችን አልተሠሩም። የወራሪው ፕላን ነጩንና ጥቁሩን የሚለያይ ነበር፤ የአገሬው ገበያም ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደ ዛሬው መርካቶ የተገፋው በዚያው ፕላን ነው። ጣሊያን በ1933 ወጣ፤ ስሙና ቤቱ ቀረ።

ከዚያ በኋላ እስከ አብዮቱ ድረስ ያሉት ዓመታት የአከራዮች ዘመን ናቸው። ሰፊ ቦታ ያለው ሰው በጓሮው ደርድሮ የጭቃ ክፍሎች ሠርቶ ያከራያል፤ ከገጠር የመጣችው ሴት አንዷን ክፍል ይዛ ጠላ ትጠምቃለች ወይም ጉሊት ትወጣለች። ውል የለም፤ ውጪ ከተባለች ትወጣለች።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው አንድ ቤት ብቻ እንዲይዝ ተፈቀደለት፤ የቀረው «ትርፍ ቤት» ተባለና ተወረሰ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ቅናሹ ይበልጥ የታየውም ዝቅተኛ ኪራይ በሚከፍሉት ላይ ነበር። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ያችን ቀን በማኅበራችን ውስጥ በሁለት ዓይነት የሚያስታውሷት አሉ። አንዷ እናቷ እልል ያለችበት ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስወጣት አከራይ አልነበረምና። ሌላዋ ደግሞ ባሏ ሞቶባት በሁለት ክፍል ኪራይ ልጆቿን የምታሳድግ የነበረች አክስቷ እንጀራዋን ያጣችበት ቀን ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስተባብልም።

ለዛሬው ኪራይ ግን ከአዋጁ ይበልጥ ወሳኝ የሆነው ከአዋጁ በኋላ ያልተደረገው ነገር ነው። ኪራዩ እዚያው ቆመ። መንግሥት ተለወጠ፣ ብር ተለወጠ፣ ጤፍ ከኩንታል ወደ ኪሎ ወረደ፤ የቀበሌ ቤት ኪራይ ግን ለብዙዎቹ አሥር ብር ሳይሞላ አሥርት ዓመታት አለፉ። አሥር ብር የማይገባበት ቤት ደግሞ ማን ያድሰዋል? ቀበሌው ገንዘብ የለውም፤ ተከራይዋ ልጠግን ብትል ፈቃድ ያስፈልጋታል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ምሰሶው ይበሰብሳል፣ አሥርና አሥራ አምስት ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤት ይሰለፋል። ርካሽ ነበር፤ ዋጋውን የከፈልነው በሌላ መንገድ ነው።

የግል ኪራይ በሕግ ቢታገድም አልጠፋም፤ ስሙን ቀየረ። የቀበሌ ቤት የደረሳት ሴት ከክፍሏ ጥግ መጋረጃ ጋርዳ ደባል ታስገባለች፤ ለሚጠይቃት «የእህቴ ልጅ ናት» ትላለች። ሌላዋ ቆጥ ሠርታ፣ ሌላዋ ከኋላ ቆርቆሮ ቀጥላ ታከራያለች። መዝገብ የማያውቀው የኪራይ ገበያ በመዝገቡ ገበያ ሆድ ውስጥ አደገ። ከአባሎቻችን ውስጥ በዚህ የኖርን ብዙ ነን፤ አከራይም ተከራይም ሆነን። ለብቻዋ ልጅ ለምታሳድግ ሴት ከደባል የሚመጣው ብር የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። ደባሏም ብትሆን ከሥራዋ በእግሯ የምትደርስበት ሌላ ቤት አልነበራትም።

ከደርግ በኋላ ቤት ማከራየት እንደገና የአደባባይ ሥራ ሆነ። መሬቱ ግን የመንግሥት እንደሆነ ቀረ፤ በ1986 ዓ.ም. ሊዝ ገባ፣ በ2004 ዓ.ም. ሕጉ ጠበቀ። ሊዝ የሚጫረት ገንዘብ ያለው ነው። ገንዘብ የሌለው ወደ ዳር ወጥቶ በአንድ ሌሊት የጨረቃ ቤት አቆመ። ካርታ ያለው ባለይዞታ ደግሞ በግቢው ሰርቪስ እየቀጠለ አከራየ። የመሃል ሰፈር ኪራይ የዛሬውን መልክ የያዘው በእነዚህ ሰርቪሶች ነው።

ኮንዶሚኒየም በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ ሲጀመር ነገሩ የሚቃለል መሰለ። በ1997 ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ምዝገባው በ10/90፣ በ20/80ና በ40/60 እንደገና ሲከፈት ቁጥሩ ከ900 ሺህ አለፈ። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች የተያዘ መሆኑ ትንሽ ነገር አልነበረም። በ20/80 ለስቱዲዮ በወር 151 ብር፣ ለባለ አንድ መኝታ 274 ብር ከዕቁብም ከመቀነትም ፈትተን የቆጠብን ብዙ ነን። ዕጣ የወጣላቸው አሉን፤ የባንክ ደብተሩን እስከ ዛሬ በሣጥን ያስቀመጡም አሉን።

የወጣላቸው ሁሉ አልገቡበትም። የባንኩ ወርኃዊ ዕዳ ከገቢያቸው በለጠ። ቤቱ እስከ አምስት ዓመት አይሸጥም፤ ማከራየት ግን ይቻላል። ስለዚህ ኮንዶሚኒየሙን አከራይተው፣ በኪራዩ የባንኩን ከፍለው፣ ራሳቸው በርካሽ ጭቃ ቤት ተከራይተው የኖሩ አሉ። እንዲህ ያለችው ሴት በጋዜጣ «የቤት ባለቤት» ናት፤ በሰፈሯ ተከራይ ናት። ከዜናው አንድ ቤት ተደመረ፣ ከጭቃ ቤቱ ወረፋ ግን አንድም ሰው አልተቀነሰም። የገባችውም ብትሆን ሦስተኛ ፎቅ ላይ በማገዶ እንጀራ አትጋግርም። ለዚህ ተብለው የተሠሩት ኮሚናል ቤቶች አንዳንዱ ጋ ይሠራሉ፣ አንዳንዱ ጋ ተቆልፈዋል ወይም ለሌላ ነገር ውለዋል። ሁለት ኮንዶሚኒየም በስፋት እኩል ሆነው ለእንጀራ ጋጋሪ እኩል የማይሆኑት በዚህ ነው።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ጸደቀ። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ብቻ ነው። የስድስት ወርና የዓመት ቅድሚያ ስንጠየቅ ለኖርን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ውል ያስመዘገቡ አባሎቻችንም ተጠቅመውበታል። ነገር ግን አዋጁ የሚይዘው የሚታየውን ኪራይ ነው። በአንድ ቆጣሪ አራት ቤተሰብ የሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ኪራዩ ሳይነካ የመብራቱና የውሃው ሒሳብ ሲያድግ አይተናል። የደባሏ ስምማ ከመጀመሪያውም በወረቀት አልነበረም።

የዚያው ዓመት መጋቢት ፒያሳ ይፈርስ ጀመር፤ በ2017 መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ካርታ ያለው ባለይዞታ በሕጉ መሠረት ምትክ ቦታና ካሳ ይጠብቃል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ምርጫ አላት። ብዙ የካዛንቺስ ሰው ወደ ገላን ጉራ ሄደ፤ የተሻለ ግድግዳ፣ የተሻለ ሽንት ቤት ያገኘ አለ፣ ይህን መካድ አይገባም። ደባሏና የሰርቪስ ተከራይዋ ግን በምንም ዝርዝር አልነበሩም። እነሱ ወደ ገላን አልሄዱም። ልጃቸው የሚማርበትን ትምህርት ቤትና ደንበኛቸውን ትተው መራቅ ስላልቻሉ ወደ ቅርቡ ሰፈር፣ ወደ አዋሬና ወደ ኡራኤል ጓሮ ዞሩ። በአንድ ጊዜ ብዙ ፈላጊ ለጥቂት ክፍሎች ተሰለፈ፤ ኪራዩም ወጣ። በዚያው ወር በከተማዋ ዳር ለወራት ተከራይ ያጣ ኮንዶሚኒየም ነበር። ሁለቱ በአንድ አሃዝ ውስጥ ሲገቡ ይጣጣሉ፤ «ብዙም ለውጥ የለም» ይባላል። ለውጡን የምታውቀው በአዋሬ ቤት ስትፈልግ የሰነበተችው ናት።

ይህ ለማኅበራችን የወሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጋራ ሣጥናችን ለቤት ቅድሚያ ክፍያ የምናበድረው ብር ልክ አለው። ልኩን በዜናው ብንቆርጠው ለአንዷ ይተርፋታል፣ ለሌላዋ መንገድ ላይ ይቀርባታል። ዳር ወጥታ በርካሽ የተከራየች አባላችን በጠዋት ሦስት ታክሲ ይዛ ጉሊቷ ስትደርስ ደንበኛ ከሌላ ገዝቶ ይሄዳል፤ በኪራዩ የተረፋትን ታክሲና የቀረ ገበያ ይበሉታል። ብድሯን መመለስ ያቃታት ከስንፍና አልነበረም።

ስለዚህ መዝገብ ከፍተናል። መዝገቡ የክፍሉን ኪራይ ብቻ አይጠይቅም። ቤቱ የማን ነው፦ የቀበሌ፣ የግል ሰርቪስ ወይስ ኮንዶሚኒየም? ውሉ ተመዝግቧል? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? እንጀራ መጋገር ይፈቀዳል? ከሥራ በስንት ታክሲ ይደረሳል? አካባቢው ለልማት ታስቧል የሚባል ነገር አለ? የመጨረሻውን ጥያቄ የጨመሩት ከካዛንቺስ የተነሡት እህቶቻችን ናቸው፤ ያለ እነሱ አናስበውም ነበር። ስም አይጻፍም፤ ደባል የሆነችም ሳትፈራ ታስመዘግብ።

እስካሁን ከኡራኤል በኩል ጥሩ ተሞልቷል። ከአዋሬ ግን ጥቂት ነው የመጣው፤ የብድር ኮሚቴው ደግሞ ከወሩ መጨረሻ በፊት ልኩን መወሰን አለበት። የአዋሬ አባላት በሚመጣው እሑድ ስትመጡ የጎረቤቶቻችሁንም ጠይቃችሁ ኑ፤ የቆጣሪውንም ነገር አደራ።