ለፊደላችን የተሰጠው የመዝገብ ስም

በ1980ዎቹ መጨረሻ በሳሪስ ካለ የፋብሪካ ቢሮ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ በዲስክ ተቀድቶ ፒያሳ ወዳለ መሥሪያ ቤት ቢላክ፣ የመነበቡ ነገር አጠራጣሪ ነበር። የላኪው ፕሮግራም «ለ»ን ባስቀመጠበት ቁጥር የተቀባዩ ፕሮግራም «መ»ን ወይም ሌላ ምልክት አኑሮ ይገኝ ነበርና።

ይህን ጣጣ ያቃለለው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው 3.0 እትም 345 የግዕዝ ምልክቶችን መዘገበ። በመዝገቡ ግን ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ፊደል በላቲን ሆሄ የተጻፈ ስም ሊኖረው ይገባል፤ ሁለት ፊደላትም በአንድ ስም አይጠሩም። አማርኛ ተናጋሪው ግን ሀን፣ ሐን እና ኀን በአንድ ድምፅ ያነባቸዋል።

ለዚህ ጥያቄ የኔታ ከጥንት ጀምሮ መልስ ነበራቸው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ ይሏቸዋል። ስሙ ራሱ ፊደሉ የሚጻፍበትን ቃል ስለሚያስታውስ፣ ተማሪው ፊደልንና አጻጻፍን በአንድ ጊዜ ይማራል። መዝገቡ የሄደው በሌላ መንገድ ነው፤ ለሐ «ኤች»ን ደረበላት፣ ኀን በ«ኤክስ» ጻፋት፣ አን እና ዐን በሥነ ድምፅ ምሁራን ቃል «ግሎታል» እና «ፋሪንጂያል» ሲል ለያቸው። በሠ እና በፀ ስም ውስጥ የገባችው «ዜድ» ደግሞ ከመለያነት በቀር ሌላ ሥራ ያላት አይመስልም።

የስም ጉዳይ ቀላል አለመሆኑን የሊኑክስን ታሪክ የሚያውቁ ባልደረቦች አይስቱትም። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የርቀት መግቢያ አገልግሎትን የሚያስነሣው ስክሪፕት በዴቢያን «ኤስኤስኤች» ሲባል፣ በሬድ ሃት መጨረሻው ላይ «ዲ» ተጨምሮበታል። የድር አገልጋዩም በአንዱ «አፓቼ2»፣ በሌላው «ኤችቲቲፒዲ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የሊኑክስ የጋራ ደረጃ ለእነዚህ ስክሪፕቶች የስም መዝገብ ቢያበጅም፣ ሁሉም በየልማዱ ጸና፤ ዴቢያንም በ2015 ደረጃውን መከተል ተወ።

ዩኒኮድ በዚህ ረገድ ጨካኝ ነው። ፕሮግራሞች ፊደልን በስሙ ሊጠሩት ስለሚችሉ፣ አንዴ የወጣ ስም ስሕተት ቢገኝበት እንኳ አይለወጥም፤ ስለዚህ የሠ «ዜድ» ከእንግዲህ አትነሣም። ሆኖም ስሞቹን በየቋንቋው መተርጐም አልተከለከለም፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የዓለም አቀፉን ደረጃ የስም ዝርዝር በቋንቋቸው አሳትመዋል። በአማርኛ ዝርዝር ቢሰናዳ በሠ ቁጥር አጠገብ «ንጉሡ ሠ» ተብሎ መጻፉን የሚያግድ ደንብ የለም።