የሕክምና ተማሪ ያጠናውን እንዳይረሳ ምን ያድርግ? የገዳሪፉ ካላዛር እንደ ምሳሌ

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ በኢትዮጵያ ድንበር አቅራቢያ በምትገኘው ቁረይሻ፣ ለሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሰው ሕመሙ ወባ ላይሆን ይችላል። ክብደቱ ከቀነሰና ጣፊያው ካበጠ ካላዛር ይጠረጠራል። ይህ በሽታ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ስለዚህ የሕክምና ተማሪ ምልክቶቹን ለፈተና ቀን ብቻ ማወቁ አይበቃም።

ብዙ ተማሪዎች የሚያጠኑት ግን ደጋግመው በማንበብ ነው። ገጹ ዐይን ሲለምደው የታወቀ ይመስላል። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሮዲገርና ካርፒኪ እአአ በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፤ የሌላውን ይዘት ደግሞ ወረቀቱን ሳያዩ ከትውስታቸው ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ማንበቡ በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ካነበቡት 42 በመቶውን፣ ራሳቸውን ከፈተኑበት 56 በመቶውን አስታወሱ። ሌሊቱን ሲያነብ ያደረ ተማሪ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ዘዴው ለጠዋቱ ፈተና ያግዘዋል፣ ሕሙማን ክፍል ሲደርስ ግን ይከዳዋል።

ካላዛርን የሚያጠና ተማሪ መጽሐፉን ዘግቶ ራሱን ይጠይቅ። አስተላላፊው ምንድን ነው? የአሸዋ ዝንብ። በዚህ አካባቢ ለምን ይበዛል? የተሰነጣጠቀው ዋልካ አፈርና የግራር ደን ስለሚመቹት። ይበልጥ የሚጋለጠውስ ማን ነው? በኢትዮጵያ በኩል፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው፣ በሽታውን የመቋቋም አቅም ያላዳበረው የቀን ሠራተኛ። ኤችአይቪ ካለበት ደግሞ ሕክምናው ይከብዳል፤ በሽታውም ደጋግሞ ሊያገረሽ ይችላል። የሳተውን ጥያቄ ለይቶ ከሁለት ሦስት ቀን፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ ይመለስበታል። ጓደኛ ቢጠይቀው ይሻላል፤ ሰው ለራሱ ይራራል።

ያበጠ ጣፊያን በእጅ ዳስሶ መለየት ግን በዚህ መንገድ አይጠናም። እአአ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሠልጣኞቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። በገዳሪፍ ጎረቤት የሚገኘው የገዚራ ዩኒቨርሲቲም የሕክምና ተማሪዎቹን ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ገጠር በማሰማራት ይታወቃል። ዩኒቨርሲቲው የሚገኝባት ወድ መደኒ እአአ ታኅሣሥ 2023 በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ስትያዝ ትምህርቱ ተቋረጠ። የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ የያዘው እአአ ጥር 2025 ነው።