አንድ ነጠላ ለስንት ቀን ይሆናል?

የሠርግ ወራት ሲቃረብ ከማኅበራችን የቁጠባ ሣጥን ብድር የሚጠይቁ አባላት ይበዛሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ልብስ ነው። ደጋሾቹ አንድ ጨርቅ ይመርጣሉ፤ ቀሚሱ፣ ነጠላውና መቀነቱ በአንድ ጥለት ይታዘዛል፤ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ያንኑ እንዲገዛ ይነገረዋል። በሚቀጥለው ወር ሌላ ሠርግ፣ ሌላ ቀለም ይመጣል። አቅሙ ያነሳት እህት ደግሞ "አሞኛል" ብላ ከደስታው ትቀራለች። ብዙዎቻችን ይህን ከአያቶቻችን የወረስነው ባህል አድርገን እናየዋለን። የልብሳችን ታሪክ ግን የሚነግረን ሌላ ነው።

የአያቶቻችን ልብስ የሚጀምረው ከእንዝርት ነበር። ጥጡን ዳምጠውና ነድፈው የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ ሸማኔው የሚሠራው እነሱ ባመጡለት ፈትል ነው። ፈትሉ ከወፍጮ፣ ከውኃና ከማጀት ሥራ በተረፈው ሰዓት የሚሠራ ስለሆነ አንድ ነጠላ ብዙ ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ የአንዲት ሴት ልብስ በሁለት ይከፈል ነበር፤ የዘወትርና የክት። የክቱ ሲያረጅ የዘወትር ይሆናል፣ የዘወትሩ ሲያልቅ ለሕፃን መጠቅለያ ይውላል። የሚጣል ነገር አልነበረም።

ታዲያ በአንድ የክት ልብስ ሠርጉም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ልቅሶውም እንዴት ይዘለቅ ነበር? መልሱ ነጠላው ላይ ነው። ለደስታ ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ እንዲታይ ተደርጎ ይለበሳል። ለቤተ ክርስቲያን በመስቀለኛ ይጣፋል። ለልቅሶ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አንገትና ትከሻ ላይ ይሆናል፤ ከሩቅ ያየ ሰው ሴትዮዋ ሐዘን ላይ መሆኗን ያውቃል። ሥራ ሲመጣ ደግሞ ወገብ ላይ ይሸረጣል። የቅርብ ሰው የሞተባት ከል ትለብስ ነበር፤ ለሌላው ለቀስተኛ ግን ያው ነጭ ነጠላ ይበቃዋል። መቀነቱም ወገብ ማሰሪያ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብ የሚቋጠረው እሱ ጫፍ ላይ ነው። ዛሬም "ከመቀነቷ ፈታ ሰጠችው" የምንለው ከዚያ የቀረ ነው።

የማዕረግ ልዩነት በልብስ አይታይም ነበር ማለታችን አይደለም። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የመኳንንትና የተከበሩ ሰዎች ልብስ ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው ቅርሶች መካከል የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ይገኝበታል። አሁን ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጧል። እሱም ቢሆን በሐር ጥልፍ ያጌጠ የጥጥ ቀሚስ ነው። የእቴጌዋን ከገበሬዋ የሚለየው ጥልፉና የክሩ ጥራት እንጂ የልብሱ መሠረት አልነበረም።

በኋላ አቡጀዲ መጣ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከአሜሪካ የሚመጣው ይህ የፋብሪካ ጨርቅ በገበያችን ዋነኛ የውጭ ዕቃ ነበር። በ1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ከጀርባው የነበረው አንዱ ጉዳይ ይኸው የጥጥ ጨርቅ ንግድ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ጨርቁ ይበልጥ በቀላሉ ይገባ ጀመር። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጣልያን የጦር ካሳ ተቋቋመ። በዚህ ሁሉ ልብስ ከጉልበት ሒሳብ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሒሳብ ተሸጋገረ። ድሮ ልብስ ያጣች ሴት ትፈትል ነበር፤ አሁን ገንዘብ ትፈልጋለች፤ ከሌላት ትበደራለች።

በአዲስ አበባ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ጉለሌና ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሰፍረው የሐበሻ ልብስን ሥራ ይዘው ቆዩ። ቀሚሱና ነጠላው በአንድ ጥለት ተሠርቶ እንደ አንድ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያም በከተማው ዕድገት ሰፋ። ዛሬ ከሽሮ ሜዳ እስከ ዋሽንግተን የሚላከው ይህ ነው። ሸማኔው እንጀራ ማግኘቱ መልካም ነው፤ እኛን የሚያሳስበን አንድ ቀን ብቻ ተለብሶ ሣጥን የሚገባው ነው።

በሒሳብ እንየው። ለምሳሌ በ6,000 ብር የተገዛ ልብስ 3 ጊዜ ብቻ ቢለበስ አንዱ ቀን 2,000 ብር ያስወጣል። ያው ልብስ 30 ጊዜ ቢለበስ አንዱ ቀን 200 ብር ይሆናል። ርካሹ ልብስ ዋጋው ያነሰው ሳይሆን ብዙ ቀን የሚያገለግለው ነው።

ስለዚህ አዲስ ለሚያሠሩ አባላት የምንመክረው ይህን ነው። መደቡ ነጭ፣ ጥለቱ ጠበብ ያለ ይሁን፤ ያኔ ነጠላው ከሌላ ቀሚስ፣ ቀሚሱም ከሌላ ነጠላ ጋር ይሄዳል። በጣም የሚያብረቀርቅ ክር ለልቅሶ ቤት አይሆንም። ጨርቁን ገልብጣችሁ እዩ፤ በሸማኔ እጅ የተሠራ ጥለት ክሩ በጀርባውም ይታያል፣ የታተመው ግን ጀርባው ፈዛዛ ነው። ሰፊው ቀሚሱን ወደፊት ማስፋት እንዲቻል በጎንና በጎን ትርፍ ጨርቅ እንዲተው ንገሩት።

ሠርግ ደጋሽ ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለን። ሙሉ ልብስ ከማሳዘዝ ይልቅ የመቀነት ቀለም ብቻ ምረጡ። ሁሉም ያለውን ነጭ ለብሶ፣ አንድ ዓይነት መቀነት ታጥቆ ይመጣል፤ በፎቶም ያምራል። መቀነት መግዛት የማትችል አባል ብትኖር እንኳን ከመካከላችን አንዷ ታውሳታለች። በመጪው ስብሰባ በዚህ ላይ ተነጋግረን እንድንስማማ በአጀንዳው እንዲያዝ ጠይቀናል።